ደወል ለማስመለስ

በግራናዳ ባል የሚገኘው በስለት አይደለም፤ በገመድ ነው። ጃንዋሪ ሁለት ቀን ያላገባች ሴት ከዳገቱ ላይ ወዳለው የድሮ ቤተ መንግሥትና ምሽግ፣ ወደ አልሃምብራ ወጥታ፣ ከምሽጉ ትልቅ ግንብ አናት ላይ ያለውን ደወል በገዛ እጇ ከደወለች፣ ዲሴምበር ሳያልቅ ታገባለች። ይህን አምናለሁ የሚል አንድም የግራናዳ ሰው የለም፤ ቀኑ ሲደርስ ግን ከሰልፉ የሚቀርም የለም። ሰልፉ ከግንቡ ደረጃ ተነስቶ ዳገቱን ወርዶ፣ አደባባዩን ዞሮ፣ አንዳንዴ ባቡር ጣቢያው ድረስ ይዘልቃል። ከጭራው የተሰለፈች አንዲት ልጅ ተራዋ ሳይደርስ አግብታ፣ ሁለት ወልዳ፣ ልጆቿን በሁለት እጇ ይዛ ደወሉ ዘንድ እንደደረሰች የሚምሉ ሽማግሌዎች አሉ።

አንጉስቲያስ በዚያ ዓመት ሰልፍ የያዘችው ለራሷ አልነበረም። ስልሳ ሁለት ዓመቷ ነው፤ ባሏን ከቀበረች አሥራ አንድ ዓመት አልፏታል። ሬያሌሆ ሰፈር ውስጥ ክርና አዝራር የምትሸጥበት፣ ሁለት ደንበኛ አንድ ላይ ከገባ አንደኛው ትንፋሹን መዋጥ ያለበት ጠባብ ሱቅ አላት። ያሳሰበቻት ልጇ ኖኤሊያ ናት። ኖኤሊያ ሠላሳ አራት ሞልቷታል፤ አሳንሰር ከሚጠግነው ከዳማሶ ጋር ከተጓደኙ ዘጠኝ ዓመት ሆኗቸዋል። ዳማሶ ጥሩ ልጅ ነው፤ ብቻ እንደሚጠግናቸው አሳንሰሮች ሁለተኛ ፎቅ ላይ ሲደርስ ይቆማል።

«ነገ ወጥተሽ ደወሉን ደውይ» አለቻት በዋዜማው።

«ነገ ሆቴል ተረኛ ነኝ፣ እማ። ደግሞ ላግባ ያለ ማን ነው?»

«አንቺ አላልሽም። እኔ ነኝ ያልኩት።»

«እንግዲያው አንቺው ደውይው።»

ይህ የተባለው ለቀልድ ነበር። አንጉስቲያስ ግን አሰበችበት። ለጎረቤት የመጣ ጥቅል ይፈረምለታል፤ የሌላ ሰው የመብራት ሒሳብ ይከፈላል። ደወል ከመብራት በምን ይበልጣል? በማግስቱ ካፖርቷን ደርባ ወጣች፤ ሁለት ሰዓት ከሩብም ቆመች።

ከግንቡ አናት ገመዱን ይዞ የሚቆመው ጥበቃ ሴሳሬኦ ይባላል። ስልሳ አራት ዓመቱ ነው፤ ከትልቅ ሰው የተዋሰው የሚመስል ጢም አለው፤ ፊቱም ሠላሳ ሰባት ዓመት ሙሉ እግሩን እንደረገጡት ሰው ነው። ይህ ቁጣ አይደለም። የግራናዳ ሰው ቸር ነው፤ ቸርነቱን ግን እንደ በሽታ ይደብቀዋል።

«ለራስዎ ነው?» አላት።

«ለልጄ ነው።»

«ልጅዎ የታለች?»

«ሥራ ላይ።»

«ደወሉ ውክልና አይቀበልም።»

«ማን አለ?»

«ደወሉ።»

«ለእርስዎ ነገረዎት?»

«ሠላሳ ሰባት ዓመት አብረን ነን፤ የሚደብቀኝ ነገር የለም። እሱ የሚያውቀው ገመዱን የሳበውን እጅ ብቻ ነው። አሁንም መመለስ ይችላሉ።»

ሁለት ሰዓት ከሩብ የቆመች የግራናዳ ሴት ፊት ለፊቷ ገደል ቢሆን እንኳ አትመለስም። አንጉስቲያስ ገመዱን ጨብጣ ሦስት ጊዜ ሳበችው። አንዱ ለኖኤሊያ፣ አንዱ ለዳማሶ፣ ሦስተኛው ዳማሶን ለመቀስቀስ። የከተማው እርግብ በሙሉ ተነሳ፤ ከማዶ ተራራ ላይም በረዶው ትንሽ ተንሸራቶ ወረደ ይባላል።

መጥፎ ዕድሏ ግን ከኋላዋ የቆመችው ቶማሳ መሆኗ ነው። ቶማሳ ዓሣ ሻጭ ናት፤ አፏ ሱቅ ሲዘጋ አብሮ አይዘጋም። ከዚያ ግንብ ላይ ሆና እጇን አፏ ላይ ክብ አድርጋ ሁለት ቃል ብትል ሬያሌሆ ድረስ ይሰማል፤ ያደረገችውም እሱን ሳይሆን አይቀርም፤ ምክንያቱም አንጉስቲያስ ደረጃውን ወርዳ ሰፈሯ ስትደርስ ዳቦ ጋጋሪው በር ላይ ቆሞ ይጠብቃት ነበር።

«እንኳን ደስ አለዎት፣ ዶኛ አንጉስቲያስ።»

«በምኑ?»

«ማን እንደሆነ ገና አልታወቀም ይላሉ። ብቻ ጥሩ ሰው ይሁን ብለን እንመኛለን።»

ከዚያ ቀን ጀምሮ ሰላም የለም። መጠጥ ቤት ያለው ሊቦሪዮ የዕለቱን ምግብ በሚጽፍበት ጥቁር ሰሌዳ ግርጌ የዕጩ ሙሽሮችን ስም በየማለዳው ማውጣት ጀመረ። ከሹራብ ሌላ ለብሶ የማያውቀው ሥጋ ሻጭ መጥቶ ደርዘን አዝራር ገዛ። የቤተ ክርስቲያኑ ኦርጋን ተጫዋች አያቱ የለበሱትን ኮት አምጥቶ «አንድ አዝራር ጠፍቶበታል» አላት፤ ስትቆጥረው የቀረው አንድ ብቻ ነበር። ጡረታ የወጣው ዳኛ ደግሞ ሽቶ ተቀብቶ መጣ፤ እሱ ከወጣ በኋላ ሱቁ ለሦስት ቀን ክፍት ሆኖ አደረ፤ ክሩ ሁሉ ግን እስከ ፋሲካ ድረስ ዳኛ ዳኛ ይሸት ነበር።

ኖኤሊያ ስትሰማ ሆዷን ይዛ ሳቀች። «የእኔን ባል ልታመጪ ሄደሽ ለራስሽ ይዘሽ መጣሽ።»

አንጉስቲያስ ግን አልሳቀችም። ባሏ ኤቫሪስቶ ነፍሱን ይማረውና ደግ ሰው ነበር፤ ብቻ አርባ መቀስ ባለበት ቤት ሃያ ስድስት ዓመት ሙሉ «መቀሱ የት ነው?» እያለ ጠይቋታል። እሱ ከሄደ በኋላ አልቅሳ፣ ሐዘኗን ጨርሳ፣ አንድ ቀን ማለዳ አልጋው መሃል እጅና እግሯን እንደ ኮከብ ዘርግታ ተኝታ ነቃች፤ ይህን ደስታ ለማንም አልተናገረችም። አሁን መስኮቷን ክፍት አድርጋ ታድራለች። እኩለ ሌሊት ካሰኛት ሳርዲን በነጭ ሽንኩርት ትበላለች። ይህን በሦስት ደወል ልትነጠቅ አልፈለገችም።

ስለዚህ በመጀመሪያው እሑድ፣ የከተማው ነዋሪ ሳይከፍል በሚገባበት ቀን፣ ዳገቱን ወጣች። ዕድሜዋን ሙሉ ከምሽጉ ሥር ኖራ ቤተ መንግሥቱ ውስጥ የገባችው አንዴ ብቻ ነው፤ በስምንት ዓመቷ፣ ከትምህርት ቤት ጋር። ከዚያ ሁሉ አዳራሽ የምታስታውሰው ሳንድዊቿን የበላባትን ድመት ነው።

ሴሳሬኦ ከግንቡ ሥር ቆሞ ነበር።

«ደወሉን ላስመልስ መጥቻለሁ» አለችው።

ሴሳሬኦ ቆቡን ወደ ኋላ ገፋ አደረገ። በሠላሳ ሰባት ዓመት ውስጥ ሰው የጠየቀው ሽንት ቤቱ የት እንደሆነ ብቻ ነው። አዲስ ጥያቄ ሲመጣለት ጢሙ ትንሽ ተነሳ።

«ደረሰኝ አለዎት?»

«የደወል ደረሰኝ?»

«አንዴ ቢሆን ኖሮ በቃል ይጨረስ ነበር። እርስዎ ግን ሦስቴ ነው የደወሉት። ድምፁ የት የገባ ይመስልዎታል? ቤተ መንግሥቱ ውስጥ ነው። ጣሪያው እንደ ማር እንጀራ የተቦረቦረ ነው፤ እያንዳንዱ ቀዳዳ ጥቂት ጥቂት ይዞ አስቀርቷል። አዳራሽ ለአዳራሽ እየዞሩ መልቀም ነው። ደግሞ ብቻዎን አያገኙትም፤ የለመደ ዓይን ይፈልጋል።»

«ስንት ጊዜ ይፈጃል?»

ሴሳሬኦ በጣቶቹ ቆጠረ። «በየእሑዱ ከሆነ… ኖቬምበር።»

አንጉስቲያስ እንደሚዋሽ አወቀች። እሱም ማወቋን አወቀ። በእኛ ከተማ ግን ውሸት የሚያጋልጥ ሰው ባለጌ ነው፤ ጨዋ ሰው ይጨምርበታል።

«ቅርጫት ይዤ ልምጣ?» አለችው።

«ክዳን ያለው ይሁን።»

በሚቀጥለው እሑድ ክዳን ያለው ቅርጫት ይዛ መጣች። ውስጡ ባቄላ በአሳማ ሥጋ፣ የድንች ኦሜሌት፣ ብርቱካን ከጨው ዓሣ ጋር ነበረ። ሴሳሬኦ የምሳ ሰዓቱን ለዚህ ሥራ ሰጠ። የመጀመሪያውን ቀን ረጅሙ ኩሬ ያለበትን ግቢ ዞሩ። ግንቡ ውኃው ውስጥ ተገልብጦ በአናቱ እንደቆመ ይታያል፤ እንግዶች ሁሉ አፋቸውን ከፍተው ያያሉ። አንጉስቲያስም ብዙ ቆማ አየችና «ይህን ሁሉ ውኃ ማን ነው የሚያጸዳው?» አለች። ሴሳሬኦ ይህ እስከዛሬ ከሰማው ሁሉ የተሻለ ጥያቄ ነው አላት።

በሌላው እሑድ አንበሶቹ ያሉበት ግቢ ገቡ። አሥራ ሁለቱም ምንጩን ተሸክመው ቆመዋል።

«አስፈሪ ናቸው ይላሉ» አለች አንጉስቲያስ። «እኔ ግን ሳያቸው ከምሳ በኋላ የተቀሰቀሱ ባሎች ናቸው።»

«እኔ ከምሳ በኋላ አልተኛም» አለ ሴሳሬኦ።

የጠየቀው ሰው አልነበረም። ሁለቱም አንበሶቹን መቁጠር ጀመሩ።

ነገሩ የተለወጠው ግን በማርች ወር ነው። ከላይ እስከ ታች የተቀረጸ ግድግዳ ፊት ቆመው ሳለ አንጉስቲያስ መነጽሯን አድርጋ አፍንጫዋ ሊነካው እስኪደርስ ተጠጋች።

«ይኼ ድንጋይ አይደለም» አለች። «ዳንቴል ነው። የሠራው ሰው ክር ያውቃል። ይኸው እዚህ ይጀምራል፤ ይሄዳል፣ ይሄዳል፣ አለቀ ስትለው ከሥር ብቅ ይላል። ቋጠሮውን ግን የት እንደደበቀው እንጃ። አንተ አይተኸው ታውቃለህ?»

«አንተ» ማለቷን እሷ አላስተዋለችም፤ እሱ ግን አስተዋለ። ይበልጥ የደነቀው ግን ሌላው ነው። ሠላሳ ሰባት ዓመት ግድግዳውን ሰው እንዳይነካው ሲጠብቅ ኖሯል፤ ቋጠሮውን የት ደበቁት ብሎ ግን አስቦ አያውቅም። በሚቀጥለው እሑድ ስትመጣ የኪስ ባትሪ ይዞ፣ ጉልበቱ አቧራ ለብሶ አገኘችው። ከበሩ እስከ መስኮቱ ፈልጎ ነበር።

«የለም» አላት ሲያያት፣ እንደ ሰላምታ።

«አለ» አለችው። «ጥሩ ሠራተኛ ስለሆነ ነው።»

እንዲህ እንዲህ እያሉ በጋውን ጨረሱት። ቅርጫቱ ሙሉ ይመጣል፣ ባዶ ይመለሳል። «ዛሬ ስንት ለቀምን?» ትለዋለች ስትሄድ። «ሁለት እፍኝ ያህል ነው» ይላታል፤ «ሙቀት ስለሆነ ድምፁ ጣሪያው ላይ ተጣብቋል።»

ሰፈሩስ? ሰፈሩ ዓይኑን አልነቀለም። አንድ እሑድ ቶማሳ ሊቦሪዮ በር ላይ ቆማ አስቆመቻት።

«የት ነው በየሳምንቱ?»

«ደወሉን ላስመልስ።»

«በከንፈር ቀለም?»

«የምሄደው መሥሪያ ቤት ነው።»

«አንቺ ሴትዮ፣ እኔን አታታልዪኝ። ደወሉ ሥራውን እየሠራ ነው። ገና ዲሴምበር ሳያልቅ እንድርሻለን፤ ከዚያ በኋላ ደግሞ ቶማሳ ብላኝ ነበር ትያለሽ።»

መጠጥ ቤቱ ሙሉ ነበር። ሁሉም ብርጭቆውን አስቀምጦ ሰማ። አንጉስቲያስ ፊቷ ቀላ፤ ድምጿን ከፍ አድርጋም እንዲህ አለች፦ «ይህ ዓመት ሳያልቅ ካገባሁ፣ ሱቄ ውስጥ ያሉትን አሥራ አንድ ሺሕ አዝራሮች እናንተ ፊት እውጣቸዋለሁ። ከነካርቶናቸው።»

ሊቦሪዮ ቃል በቃል ሰሌዳው ላይ ጻፈው፤ ከቀንድ አውጣ ሾርባው በታች።

ኖቬምበር ገባ። ሴሳሬኦ ሁለት ሳምንት ሙሉ ከወትሮው ይበልጥ ተኮሳተረ፤ ይህ ደግሞ ለግራናዳ ሰው እንኳ ከባድ ነበር። በሦስተኛው እሑድ ምንም ሳይል ጣሪያዋ እንደ ቆብ ወደ ከበበ አንዲት ትንሽ ክፍል ወሰዳት። የክፍሏን ጠባይ የከተማው ልጅ ሁሉ ያውቀዋል፤ አንድ ሰው አንዱ ጥግ ላይ ፊቱን ወደ ግድግዳው አዙሮ ቢያንሾካሹክ፣ ድምፁ በጣሪያው ላይ ዞሮ ተቃራኒው ጥግ ለቆመው ጆሮው ሥር ይደርሳል። መሃል የቆመ ግን ምንም አይሰማም። በሩ ላይ የፈረንሳይ እንግዶች ተራቸውን እየጠበቁ ነበር።

«የቀረው እዚህ ያለው ብቻ ነው» አላት። «አንቺ እዚያ ጥግ፣ እኔ እዚህ። ፊትሽን ወደ ግድግዳው።»

ቅርጫቷን እግሯ ሥር አስቀምጣ ቆመች። ወዲያው የሴሳሬኦ ድምፅ፣ ጢሙ ጆሮዋን የነካት እስኪመስላት፣ ደረሰ።

«አንጉስቲያስ፣ የምንለቅመው ድምፅ አልነበረም።»

«አውቃለሁ።»

«ከመቼ ጀምሮ?»

«ከደረሰኙ።»

ግድግዳው ጉሮሮውን ጠረገ።

«ዲሴምበር ሠላሳ አንድ ጡረታ እወጣለሁ። ሞትሪል ያለችው እኅቴ ባሕር የሚያይ ክፍል አዘጋጅታልኛለች። በቀቀን አላት።»

«ጥግ ያቆምከኝ ስለ በቀቀኑ ልትነግረኝ ነው?»

«አይደለም።»

«እንግዲያው የሚባለውን በል፤ አንገቴ ደነዘዘ።»

«ታገቢኝ እንደሆነ ነው የምጠይቅሽ። ፊት ለፊት ማለት አቅቶኝ ነው እንጂ እስከ ኖቬምበር የሚያስቆይ አዳራሽ አልነበረም። በሁለት ወር ያልቅ ነበር።»

አንጉስቲያስ ግንባሯን ቀዝቃዛው ግድግዳ ላይ አሳረፈች። አልጋዋን አሰበች፤ መስኮቷን፣ ሳርዲኗን። ከዚያ ደግሞ ማንም የማይጠብቃትን እሑድ አሰበች። ይህ ሰው በአሥር ወር ውስጥ አንድም ነገር የት ነው ብሎ አልጠየቃትም፤ እሷ ላነሳችው ቋጠሮ ግን ተንበርክኮ ፈልጓል። ልቧ ወሰነ። አፏ ግን የሬያሌሆ አፍ ነውና ከመጨረሻው ጀመረ።

«በዚህ ዓመት አላገባም» አለች።

ሴሳሬኦ «ገባኝ» ብሎ ቆቡን አደረገ፤ ጥጉንም ለቀቀ። እሷ ፊቷ ወደ ግድግዳው ስለሆነ መሄዱን አላየችም። የሄደበትን ቦታ ካሜራ ያንጠለጠለ አንድ ፈረንሳዊ ተራዬ ደረሰ ብሎ ያዘው፤ ጆሮውንም ጥጉ ላይ ለጠፈ።

«አልጨረስኩም» አለች አንጉስቲያስ በሹክሹክታ። «ጃንዋሪ ሦስት አገባሃለሁ። ልብህ እንደ ልቤ ከሆነ አሁኑኑ በል።»

ግድግዳው ሁለት ጊዜ አሳለ። ከዚያ እየተንተባተበ፣ በጣም በትሕትና፣ «እመቤቴ፣ ይቅርታ፣ እኔ ባለትዳር ነኝ» አላት።

አንጉስቲያስ ዘወር ስትል አየችው፤ ሰውየው እንደ ቲማቲም ቀልቷል፤ ሚስቱ በሩ ላይ እጇን አጣምራ ቆማለች፤ ሴሳሬኦ ደግሞ ጀርባውን ሰጥቶ በኮሪደሩ እየራቀ ነው። ከዚያ በኋላ ሹክሹክታ የሚባል ነገር አልቀረም።

«ሴሳሬኦ!» አለች፤ ቤተ መንግሥቱ ከተሠራ ጀምሮ እንዲህ ያለ ድምፅ የሰማ አይመስልም። «ጃንዋሪ ሦስት ሥራ አለህ?»

ሴሳሬኦ ቆመ። «ጡረታ ነኝ።»

«እንግዲያው አግባኝ።»

ሃያ ሁለት ፈረንሳውያን ትንፋሻቸውን ያዙ። ቋንቋውን የማያውቁትም ነገሩ ገባቸው።

«ሦስት ለምን?» አለ ቀስ ብሎ እየተመለሰ።

«እስከ ሠላሳ አንድ ከሆነ ሰፈሩ ደወሉ ዳራት ይላል። ደወሉ አይደለም የሚያገባህ፤ እኔ ነኝ። አንደኛው ቀን በዓል ነው፤ ሁለተኛው የእነሱ ሰልፍ ነው። ሦስተኛው ግን የማንም አይደለም፣ የእኔ ነው።»

«እኅቴ ያዘጋጀችልኝን ክፍል ለበቀቀኑ ትስጠው» አለ ሴሳሬኦ፤ ከደስታው የተነሳ ምን እንደሚል ጠፍቶት።

«አንድ ነገር ልንገርህ፤ መስኮቴ ክፍት ሆኖ ነው የሚያድረው።»

«ሠላሳ ሰባት ዓመት ግንብ አናት ላይ ለቆመ ሰው ስለ ነፋስ ትነግሪዋለሽ?»

ፈረንሳዊው ማጨብጨብ ጀመረ። ሚስቱ ግን እስኪወጡ ድረስ አላጨበጨበችም።

ዲሴምበር ያን ዓመት ለሬያሌሆ እንደ ጾም ረዘመ። ኖኤሊያ ሁሉን ታውቃለች፤ ምላሷን ነክሳ ዝም አለች። ዳማሶ የሠርግ ወሬ ሲሰማ ደንግጦ ውሻ ገዛላት፤ ከዘጠኝ ዓመት በኋላ ይህም እርምጃ ነው ብላ ተቀበለችው። በሠላሳ አንደኛው ማታ ሰፈሩ ሁሉ በሊቦሪዮ በር ላይ ተሰብስቦ፣ እኩለ ሌሊት ሲደወል ለአዲሱ ዓመት መልካም ዕድል የሚበሉትን አሥራ ሁለት የወይን ፍሬ ሲውጥ ወይኑን ያየ የለም፤ ሁሉም ያየው አንጉስቲያስን ነው። እሷ አሥራ ሁለቱንም እንደ ቅድስት ሐውልት ፊቷ ሳይንቀሳቀስ ዋጠች። ዓመቱ አለቀ። ሊቦሪዮ በሐዘን የአዝራሩን ጽሑፍ ከሰሌዳው አጠፋ።

ጃንዋሪ ሁለት ቶማሳ ከሰልፍ ስትመለስ ልታጽናናት ሱቅ ገባች፤ በእጇ ግማሽ ኪሎ ሳርዲን ይዛለች።

«አይክፋሽ፣ እኅቴ» አለቻት። «ደወሉም አርጅቷል። ገመዱን የያዘው ደግሞ አዲስ ሰው ነው፤ ያ ጢማሙ የለም። ምናልባት ለዚህ ይሆናል።»

«ነገ ረፋድ ላይ ሥራ አለሽ?» አለቻት አንጉስቲያስ፣ ክር እየጠቀለለች።

«ለምን?»

«ማዘጋጃ ቤት አንድ ምስክር ጎድሎኛል።»

ቶማሳ ሁለት እጇን አፏ ላይ ክብ አደረገች። ዓሣው ከእጇ ወድቆ በአዝራሩ ላይ ተበተነ።

በማግስቱ ማዘጋጃ ቤት ውስጥ ሠላሳ ጥንድ የሚጠብቀው አጋቢ ሹም መነጽሩን አስተካክሎ የሚጠየቀውን ጠየቀ። «ዶኛ አንጉስቲያስ፣ ይህን ጋብቻ የሚፈጽሙት በገዛ ፈቃድዎ ነው?»

«በገዛ ፈቃዴ። ማንም ሳይጎትተኝ፣ ምንም ሳይጠራኝ፣ በመረጥኩት ቀን። ይጻፍልኝ።»

«አዎ ማለት ይበቃል፣ እመቤቴ። የሚጻፍበት ቦታ የለውም።»

ሴሳሬኦ የሰውየውን ጠረጴዛ በአንድ ጣቱ መታ አደረገ፤ ፊቱም በሠላሳ ሰባት ዓመቱ ሁሉ እንደነበረው ነበር።

«ኅዳጉ ላይ ቦታ አለ» አለ። «ይጻፍላት።»

ሹሙ ወደ በሩ አየ፤ የሚጠብቁትን ጥንዶች፣ እጇን ወገቧ ላይ ያደረገችውን ዓሣ ሻጭ፣ እስክሪብቶ አውጥታ የምትዘረጋለትን ኖኤሊያን አየ። ተነፈሰና ጻፈ። አንጉስቲያስ መነጽሯን አድርጋ አጎንብሳ ቃል በቃል አነበበችው፤ «ምንም ሳይጠራኝ» የሚለው ተዘሎ ነበርና አስጨመረችው። ከዚያ በኋላ ነው የፈረመችው።